«አፈና» ወይስ «መገታት»? ስለ አንድ የነርቭ ሳይንስ ትርጉም ረቂቅ ስያሜዎች

በቅርቡ ለጤና ሙያ ተማሪዎች መማሪያ እንዲሆን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የአንድ ምዕራፍ ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን አንብበነዋል። የምዕራፉ ዓላማ፣ በአንጎል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ የሌላውን ሥራ የሚቀንስባቸው መገናኛዎች፣ ሕዋሳቱ በሠሩት ሥራ መጠን እንዴት እንደሚበረቱና እንደሚደክሙ ማስረዳት ነው። ተርጓሚው ሐኪም ናቸው፤ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁ እኛም አንጠቅሰውም። ለሙያቸው ያላቸው ፍቅርና ለአማርኛ ያላቸው ተቆርቋሪነት በየገጹ ይታያል። የሚከተለው ሂስ ጠንከር ያለ ሆኖ ቢገኝ፣ ረቂቁ መታረም የሚገባውና ታርሞም የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እንጂ የተርጓሚውን ድካም ለማቃለል አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የረቂቁ አርእስት «የአፋኝ መጋጠሚያዎች እንቅስቃሴ-ተኮር ተለዋዋጭነት» ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባችን አርእስቱን ብቻ አይቶ «ስለ ስፖርትና ስለ ቁርጥማት የተጻፈ ነው ወይ?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ያስቅ እንጂ ከቁም ነገር የራቀ አልነበረም፤ አማርኛ አንባቢ «መጋጠሚያ» ሲባል ጉልበቱንና ክርኑን፣ «እንቅስቃሴ» ሲባል ሩጫውን ቢያስብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለምና። በአርእስቱ ላይ የተደረደሩት አራቱም ቃላት በየራሳቸው መንገድ አንባቢውን ያሳስታሉ። ሁሉም ግን እኩል አያሳስቱም፤ ሁለቱን በጥቂት መስመር አልፈን በሌሎቹ ላይ መቆየት እንፈልጋለን።

«እንቅስቃሴ»ን በቅድሚያ እናንሣ፤ ነገሩ ቀላል ነውና። የነርቭ ሕዋስ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ይሠራል እንጂ። ሥራውም አጫጭር የኤሌክትሪክ ምልክቶችን መስጠት ነው። ስለዚህ «ሥራ» የሚለው የዘወትር ቃል ይበቃል፤ «ውኃ ወለድ በሽታ» እንደምንለው ሁሉም «ሥራ ወለድ ለውጥ» ብንል ማንም ሰው ሳይቸገር ይረዳዋል። ረቂቁ በየቦታው ሕዋሱ «ይተኩሳል» የሚለው ደግሞ የእንግሊዝኛው ጥይት ወደ አማርኛ የተሻገረ ነው። «የልብ ምት» ካልን «የነርቭ ምት» ለማለት የሚከለክለን የለም፤ ሕዋሱም «ምት ይሰጣል»።

«መጋጠሚያ» የሚለውን ተርጓሚው የመረጡት የባዕድ ቃል ለመሸሽ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ግን አንስማማም። አንደኛ፣ የሰውነት ጥናት «መገጣጠሚያ»ን ለአጥንት አውሎታል፤ «መጋጠሚያ» ከእርሱ የሚለየው በአንድ ፊደል መደገም ብቻ ስለሆነ በቃል ትምህርት ጊዜ ልዩነቱ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ራሱ አይጋጠምም። በአብዛኞቹ በዚህ ዐይነት መገናኛዎች ሁለቱ ሕዋሳት መካከል 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ መልእክቱ የሚሻገረው በኬሚካል ነው። «መጋጠሚያ» ብሎ የተማረ ተማሪ በሚቀጥለው ገጽ «በመጋጠሚያው መካከል ያለው ክፍተት» የሚል ሲያነብ ግራ መጋባቱ የማይቀር ነው።

«ሲናፕስ» የሚለው ቃል የተወለደበት ታሪክ ለእንደኛ ዐይነቱ ሥራ ትልቅ ትምህርት ስላለው እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን በ1897 ለወጣው የማይክል ፎስተር የፊዚዮሎጂ መማሪያ የነርቭን ክፍል ሲያዘጋጅ፣ ለዚህ መገናኛ ስም አስፈለገው። መጀመሪያ ያሰበው «ሲንዴዝም» የሚል ነበር። ፎስተር ግን የካምብሪጁን የግሪክኛ ሊቅ አርተር ቬራልን አማከረ፤ ቬራልም «ሲናፕስ» የተሻለ ቅጽል ስለሚያስገኝ ይኸው ይሁን አለ። ልብ እንበል፤ የሥነ ልሳኑ ሰው የጠየቀው ቃሉ ነገሩን በሥዕል ያሳያል ወይ ብሎ አይደለም፤ ቃሉ ይረባል ወይ ብሎ ነው። የግሪክኛው ቃል ትርጉም «ተያይዞ መጨበጥ» ነበርና በኋላ ክፍተቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሥዕሉ ስሕተት ሆነ፤ ቃሉ ግን ረብቶ ስለ ነበር ጸና። እኛም «ሲናፕስ»ን እንዳለ ወስደን «ሲናፕሶች»፣ «ቅድመ ሲናፕስ»፣ «ድኅረ ሲናፕስ» እያልን ብናረባው አማርኛ አይጎዳም። «ቅድመ» እና «ድኅረ» ከግእዝ የወረስናቸው ሁነኛ መሣሪያዎች ናቸው፤ ረቂቁ በእነርሱ ፈንታ «ላኪ» እና «ተቀባይ» ማለቱ የሚያስከትለውን ችግር ኋላ እናየዋለን።

«ሕዋስ»ን ግን አንነካውም። አባቶቻችን «አምስቱ ሕዋሳት» ሲሉ የስሜት ብልቶችን ማለታቸው እንደ ነበረ እናውቃለን፤ «የነርቭ ሕዋስ» የሚለው በዚያ ጆሮ ሲሰማ ሌላ ነገር ይመስላል። ይሁንና ቃሉ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ጸንቷል፤ የጸናን ቃል መንቀል አዲስ ከመትከል ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ እርሱም «አፈና» ነው።

ተርጓሚው «አፈነ»ን ሲመርጡ «ሳቁን አፈነ»፣ «ሳሉን አፈነ» የሚለውን አነጋገር አስበው ይመስለናል። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቃሉ ጭስ ያፍናል፣ እውነት ይታፈናል፣ ሰውም ይታፈናል። በቅርብ ዘመን ታሪካችን «አፈና» የተሸከመውን ትዝታ ለአንባቢያችን ማስታወስ አያሻም። በእነዚህ አገባቦች ሁሉ አንድ የጋራ ሐሳብ አለ፤ የታፈነው ነገር ሊወጣ ይገባው የነበረ ነው፣ አፋኙም በዳይ ነው፣ አፈናው ሲነሣ የሚገኘው ነጻነት ነው። ይህ ሐሳብ ወደ አንጎል ሲገባ ነገሩን ይገለብጠዋል።

በ1845 ወንድማማቾቹ ኤድዋርድና ኤርንስት ቬበር ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲነካ የልብ ምት እንደሚዘገይ፣ አልፎም እንደሚቆም አሳዩ። ነርቭ ሥራን ማስጀመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም እንደሚችል በግልጽ የታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ሼሪንግተን ደግሞ ክንዳችንን በምናጥፍበት ጊዜ ክንድ የሚዘረጋውን ጡንቻ የሚያዙት ሕዋሳት እንደሚገቱ አሳየ፤ ያ ባይሆን ሁለቱ ጡንቻዎች እርስ በርስ ሲጓተቱ ክንዱ ደርቆ በቀረ ነበር። የ1932ቱን የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር አርእስት ራሱ ይህንኑ፣ መገታት የማስተባበሪያ መንገድ መሆኑን የሚናገር ነበር። መገታቱ ቢነሣስ? ስትሪክኒን የተባለው መርዝ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ግላይሲን የተባለው ገቺ መልእክተኛ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ይዘጋል። ገቺው ሲዘጋ የተመረዘው እንስሳ ነጻ አይወጣም፤ ጡንቻው ሁሉ በአንድነት ተገትሮ ይንቀጠቀጣል፤ መተንፈስ ተስኖትም ይሞታል። እንግዲህ «አፈናው ተነሣ» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለዚህ እንስሳ ሞት ስም ሆኖ ሲቀርብ አንባቢው የሚሰማው ምንድን ነው?

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1998 ታካኦ ሄንሽና ባልደረቦቹ ጋባ የተባለውን ገቺ መልእክተኛ በበቂ መጠን መልቀቅ በማይችሉ አይጦች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። በለጋነት ዘመን አንዱ ዐይን ለጥቂት ቀናት ቢሸፈን፣ የማየት ሥራ ያላቸው የአንጎል ሕዋሳት ወደ ተከፈተው ዐይን ያደላሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። በእነዚያ አይጦች ግን ለውጡ አልታየም። የጋባን ሥራ የሚያግዘው ዲያዜፓም በተሰጣቸው ጊዜ ታየ። ረቂቁ ይህን ሲያስረዳ «አንጎል ከልምድ እንዲማር በቂ አፈና ያስፈልገዋል» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ልክ ነው፤ በአማርኛ ግን ማንም ሊያምነው የማይገባ ነገር ይናገራል። አንድ ተማሪ ይህን አንብቦ ለመምህሩ ቢስቅ መምህሩ ምን ይመልስለታል?

ሌሎች ቃላትን መርምረናል። «ከለከለ» ፈቃድ ያለውን አካል ይጠይቃል፤ ሕግ ይከለክላል፣ እናት ትከለክላለች። «አገደ» ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን መድኃኒት አንድን ፕሮቲን ፈጽሞ ሲዘጋ ለማመልከት ስለሚያስፈልግ ለዚያው እናቆየዋለን። የቀረው «ገታ» ነው። ፈረሰኛ ልጓም ሲይዝ ፈረሱን ይገታል፤ ፈረሱ አይታፈንም፣ አይታገድም፣ በልክ ይሄዳል። ቃሉ ይረባል፤ ገታ፣ ተገታ፣ ገቺ፣ መገታት። ደረጃም ይቀበላል፤ «ገታ አድርገው» የሚለው የዘወትር አነጋገር ፈጽሞ ማቆምን ሳይሆን ጥቂት መቀነስን ነው የሚያመለክተው። የነርቭ ሳይንስ የሚናገረውም በትክክል ይህንኑ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆን ኤክልስና ባልደረቦቹ በድመት ኅብለ ሰረሰር ሕዋስ ውስጥ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አስገብተው ሲለኩ፣ ገቺው መልእክት በደረሰ ጊዜ ሕዋሱ ምት ከሚሰጥበት ደረጃ ትንሽ እንደሚርቅ አዩ። ትንሽ ይርቃል፤ አይዘጋም። ስለዚህ «ገቺ ሲናፕስ» እንላለን፤ ተቃራኒው «ቀስቃሽ ሲናፕስ» ነው።

ረቂቁ ለማስረጃ ያህል «የአንጎል ፍሬን» የሚለውን ምሳሌ ደጋግሞ ይጠቀማል። ምሳሌው ክፉ አይደለም፤ ፍሬን ከልጓም ይልቅ ለከተማ ተማሪ ይቀርባል። ግን ፍሬን በተሠራበት ቁጥር ያልቃል፤ ገቺ ሲናፕስ በተሠራበት ቁጥር ሊበረታም ይችላል። የልጓሙም ምሳሌ ቢሆን እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ በአንጎል ውስጥ ጋላቢ የለም፤ ልጓሙን የሚይዙት ራሳቸው ተገቺዎቹና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ለመግቢያ ያህል ምሳሌውን ተናግሮ ቶሎ መተው ይሻላል።

የቃል ፈተናው ነገሩ በቆመበት ሳይሆን በሚለወጥበት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። የረቂቁ ደካማ ጎን በይፋ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። በንኡስ አንጎል ውስጥ ፑርኪንዬ የተባሉ ትልልቅ ሕዋሳት አሉ። በ1991 ኢዛቤል ያኖና ባልደረቦቿ እነዚህ ሕዋሳት ብርቱ መቀስቀስ ከደረሰባቸው በኋላ በእነርሱ ላይ ያረፉት ገቺ ሲናፕሶች ለአጭር ጊዜ ሥራቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1992 ደግሞ ማሳኖቡ ካኖና ባልደረቦቹ በዚያው ዐይነት ሕዋስ ላይ ብርቱ መቀስቀስ ገቺውን መልእክት ለረጅም ጊዜ እንደሚያበረታው አሳዩ። በአንድ ዐይነት ሕዋስ ላይ፣ በተቀራራቢ ምክንያት፣ አንዱ ለውጥ አጭርና የሚቀንስ፣ ሌላው ረጅምና የሚጨምር ነው። ረቂቁ የመጀመሪያውን «የአፈናው አፈና»፣ ሁለተኛውን «የአፈናው መልሶ መጎልበት» ብሎታል። «የአፈናው አፈና» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግመን ካነበብን በኋላ እንኳ ሕዋሱ ሥራው ይብዛ ወይ ይቀንስ ለማወቅ እርሳስና ወረቀት አስፈልጎናል።

በ«ገታ» ሲባል ነገሩ ይቃለላል፤ ልጓም ይጠብቃል፣ ልጓም ይላላል። «ከብርቱ መቀስቀስ በኋላ ገቺው ሲናፕስ ለአፍታ ይላላል፤ ቆይቶ ይበረታል፤ ብርታቱም ለረጅም ጊዜ ይጸናል።» ለአጭሩ ለውጥ «ላላ» እና «ጠበቀ»፣ ለረጅሙ «ደከመ» እና «በረታ» ብንመድብ አራቱ ቃላት ብዙ ገጽ ያሻግራሉ። (እኛ የሥነ ልሳን ሰዎች «ይጠብቃል»ና «ይላላል»ን ለፊደል ድምፅ ስለምናውላቸው ተርጓሚው ሊያፍሩብን አይገባም፤ ቃሎቹ የእኛ ብቻ አይደሉም።) የሲናፕስ መላላት የሕዋሱን መለቀቅ ስለሚያስከትል ለዚህኛው «ከመገታት መለቀቅ» እንላለን። ሁለቱ ለየብቻ ስም ካገኙ ድርብ አሉታው ይጠፋል።

የ«ላኪ» እና «ተቀባይ» ችግር የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። በ2001 ራሽል ዊልሰንና ሮጀር ኒኮል የአጭሩን መላላት ምክንያት በሂፖካምፐስ ውስጥ ሲመረምሩ፣ መልእክቱ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ካሳዩት መካከል ናቸው። የተቀሰቀሰው ሕዋስ በሐሺሽ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ወደ ቅድመ ሲናፕሱ ይልካል፤ በዚህም የጋባ መለቀቅ ይቀንሳል። በረቂቁ አባባል «ተቀባዩ ወደ ላኪው ይልካል፤ ላኪውም በተቀባዩ ይቀበላል»። በመጨረሻው ላይ ያለው «ተቀባይ» ደግሞ ሕዋስ ሳይሆን በሽፋኑ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው! አንድ ቃል ለሁለት ነገር፣ ያውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ። ሕዋሱ «ድኅረ ሲናፕስ ሕዋስ» ይባል፤ ለፕሮቲኑ አማርኛ የመሣሪያና የቦታ ስም የሚያወጣበት የታወቀ መንገድ አለው፤ «መቀበያ» እንበለው።

ለረጅሙ መድከም ረቂቁ የሰጠው ስም ግን በዝምታ ሊታለፍ አይችልም። «የረጅም ጊዜ ድብርት» ይላል። እንግሊዝኛው ለአእምሮ ሕመሙም ለሲናፕሱ መድከምም አንድ ቃል ስላለው ተርጓሚው የአእምሮ ሕክምናውን ስያሜ ወስደዋል። ሲናፕስ አይደበርም። «ዘላቂ መድከም»፣ ተቃራኒውም «ዘላቂ መበርታት» ይባል።

ጋባን በሚመለከት የምንለው አለን። ሙሉ ስሙ ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ በአንጎል ውስጥ መኖሩ በ1950 ታወቀ፤ መገታትን የሚያደርስ መልእክተኛ መሆኑ በሸርጣንና በመሰል የባሕር እንስሳት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ቀስ በቀስ ተረጋገጠ። ረቂቁ ጋባን «አፋኙ ቅመም» ብሎ ሰይሞ፣ በሚለቁት ሕዋሳት ሁሉ ላይም «አፋኝ» የሚል ቅጽል ለጥፏል። ወደ ሕፃናት አንጎል ሲደርስ ግን «አፋኙ ቅመም በጨቅላ አንጎል ያነሣሣል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገጥመናል። ሐቁ እውነት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ራሱን ይቃረናል። በ1989 ዬሄዝኬል ቤን-አሪና ባልደረቦቹ ገና በተወለዱ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ ጋባ ቀስቃሽ ሆኖ እንደሚሠራ አሳይተዋል። ምክንያቱ በመልእክተኛው ሳይሆን በተቀባዩ ሕዋስ ውስጥ ባለው የክሎራይድ መጠን ነው፤ ክሎራይድ በሕዋሱ ውስጥ ሲበዛ የጋባ መቀበያ መከፈት ይቀሰቅሳል፣ ሲያንስ ይገታል። ክሎራይድን ከሕዋሱ የሚያስወጣው ኬሲሲ2 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም ከዕድገት ጋር ይበዛል። በ2003 ደግሞ ሜላኒ ዉዲን፣ ካሩኔሽ ጋንጉሊና ሙ-ሚንግ ፑ፣ ሁለቱ ሕዋሳት በተቀራረበ ጊዜ አብረው ሲሠሩ የዚህ አስወጪ ሥራ እንደሚቀንስና መገታቱም እንደሚደክም አሳዩ። አንድም የጋባ ጠብታ ሳይጎድል፣ አንድም መቀበያ ሳይነካ የሲናፕሱ ፍሬ ነገር ተለወጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዐይነት ስም ያስፈልጋል። ሕዋሱ በሚለቀው ነገር ሲጠራ «ጋባ ለቃቂ ሕዋስ» ይባል፤ ይህ የማይለወጥ ስም ነው። በሚያደርሰው ውጤት ሲጠራ «ገቺ» ይባል፤ ይህ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ የሚችል ነው። «ጋባ ለቃቂው ሕዋስ በጨቅላነት ይቀሰቅሳል፣ በጎለመሰ አንጎል ይገታል» ስንል ቅራኔ የለበትም። ይህ የቋንቋ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ለጨቅላ ሕፃናት የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሚያዝ ሰው ሁለቱን ለይቶ ማሰብ አለበት።

የአርእስቱ የመጨረሻ ቃል «ተለዋዋጭነት» ነው። የአየር ጠባይ ተለዋዋጭ ነው፤ የገበያ ዋጋ ተለዋዋጭ ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን ዝም ብሎ መለዋወጥ ሳይሆን፣ በደረሰበት ነገር አዲስ መልክ ይዞ በዚያው መቆየት ነው። አንዳንዶች «ተለማጭነት» ይሻላል ሲሉ ሰምተናል። ተለማጭ ዘንግ ግን ጎንበስ ይላል እንጂ ሲለቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ይህ የፊዚክሱን ሌላ ባሕርይ፣ የላስቲኩን እንጂ የጭቃውን አይገልጽም። «ፕላስቲክነት» ደግሞ ባልዲና ጀሪካን ያስታውሳል። እኛ የምናቀርበው «ተቀራጽነት» የሚለውን ነው። «ቀረጸ» በግእዝም በአማርኛም ዕንጨትና ድንጋይ ቅርጽ ማስያዝ ነው፤ ቃሉን ከኪዳነ ወልድ ክፍሌም (1948 ዓ.ም.) ሆነ ከደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላት መመልከት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ራሱ ለድምፅ መቅጃ ሥራ አውሎታል፤ ድምፅ «ይቀረጻል»። የተቀረጸ ድንጋይ አይመለስም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ በተቀረጸ ካሴት ላይ ሌላ መቅረጽ እንደሚቻል እናስታውሳለን።

አንድ አደጋ ብቻ አለው። በ«ጸ» ፈንታ «ጭ» አግብቶ «ተቀራጭነት» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያ ደግሞ ከቀረጥ የወጣ ነው፤ ቀራጭ የወንጌሉ ማቴዎስ ሙያ እንጂ የሲናፕስ ጠባይ አይደለም። ለጀማሪ ተማሪዎች እንዲያውም በ«-ነት» የሚያልቀውን ስም ትቶ ግሱን መጠቀም ይበልጣል፤ «ገቺው ሲናፕስ በሥራው ይቀረጻል» ማለት «የገቺ ሲናፕስ ሥራ ወለድ ተቀራጽነት» ከማለት ይጥማል። በረቂቁ ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ 31 ጊዜ «-ነት» ቆጥረናል።

ረቂቁ ካቀረባቸው ስያሜዎች መካከል ደስ ያሰኙንም አሉ። መልእክተኛው ኬሚካል ተጠቅልሎ የሚቀመጥበትን «ከረጢት» ማለታቸው ከምንም በላይ የሚያምር ነው፤ የእህል ቤት ቃል ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ገቺ መቀበያዎችን በቦታቸው የሚይዘውን ጌፊሪን የተባለውን ፕሮቲን ሳይተረጉሙ መተዋቸውም ልክ ነው፤ የስሙ ምንጭ ግሪክኛ ሆኖ ድልድይ ማለት ቢሆንም፣ የፕሮቲን ስም እንደ ሰው ስም ነው፤ አይተረጎምም።

«ሚዛን ጠባቂ ለውጥ» የሚለውም ስያሜ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ በሁሉ ላይ መለጠፉ ነው። በ2002 ቫለሪ ኪልማን፣ ማርክ ቫን ሮሰምና ጂና ቱሪጃኖ በብልቃጥ ያደጉ የአይጥ አንጎል ሕዋሳት ለሁለት ቀናት ምት እንዳይሰጡ ሲደረግ በሲናፕሶቻቸው ላይ የሚገኙት የጋባ መቀበያዎች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ዝም የተሰኘ ሕዋስ ልጓሙን ያላላል፤ ይህ በእውነት ሚዛን መጠበቅ ነው። የሚጥል ሕመም ሳያቋርጥ ሲቆይ የሚደርሰው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ረቂቁ እርሱንም «ሚዛን ጠባቂ» ይለዋል።

በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ አጥብቀን የምንናገረው የሰው ሕይወት ስላለበት ነው። የሚጥል ሕመም ማንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ በላይ ሲቆይ የድንገተኛ ሕክምና ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ዲያዜፓም ሲሆን፣ የሚሠራውም የጋባን መቀበያ በማገዝ ነው። በአይጦች ላይ ተደርገው በ2005 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ማንቀጥቀጡ በቆየ መጠን የጋባ መቀበያዎች ከሲናፕሱ ላይ ተነሥተው ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባሉ። መድኃኒቱ የሚያግዘው መቀበያ በቦታው ባለመኖሩ የዘገየው መርፌ ከቀደመው ያነሰ ይሠራል። ሕዋሱ በራሱ የበዛ ሥራ ምክንያት ልጓሙን ውጦታል ማለት ነው፤ ሚዛን አልጠበቀም፣ ሚዛኑ ተሰበረ እንጂ።

ረቂቁ ይህን ሁሉ «አንጎል መድኃኒቱን ይላመዳል» በሚል አንድ ሐረግ ደምድሞታል። «መላመድ» በሕክምና አማርኛ መድኃኒትን ደጋግሞ በመውሰድ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ያነበበች ነርስ፣ ዲያዜፓም ወስዶ የማያውቅ ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ሲመጣላት፣ «ይህ ልጅ አልተላመደም፤ በኋላም ቢሰጠው ያው ነው» ብላ ብታስብ ቃሉ መርቷት ነው። «መቀበያዎቹ ከሲናፕሱ ይሸሻሉ፤ ስለዚህ መዘግየት የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል» ቢባል ግን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ያቻኩላታል። ተርጓሚው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይህችን ገጽ እንዲያርሙ በደብዳቤ ለምነናቸዋል፤ እንደሚያርሙም መልሰውልናል። ስለ «ሲናፕስ» ግን አሁንም አልተስማሙም፤ የባዕድ ቃል በጆሯቸው ይከብዳል፤ «መጋጠሚያ»ን ትተው ሌላ የአማርኛ ቃል እንደሚፈልጉ ጽፈውልናል። ቢያገኙ ደስ ይለናል።

እኛም ያልተሳካልን አለ። ከሲናፕሱ ውጭ የሚገኙ፣ በዙሪያው የተረፈውን ጥቂት ጋባ እየተቀበሉ ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ በስሱ የሚገቱ መቀበያዎች አሉ። ረቂቁ ይህን «ቶኒክ አፈና» ይለዋል፤ «ቶኒክ» ለአማርኛ አንባቢ የጠርሙስ መጠጥ ወይም የሕፃን ሽሮፕ ነው። «ዘወትር ገቺ» ብለን ሞክረን አልወደድነውም፤ የሚፈለገው ልጓሙ ሳይሳብም ሳይለቀቅም በእጅ ላይ በስሱ ተወጥሮ ሲቆይ ያለውን አያያዝ የሚገልጽ ቃል ነው። ፈረስ በሚጋለብባቸው አካባቢዎች ለዚህ አያያዝ የተለየ ስም እንደሚኖር እንገምታለን። የሚያውቅ አንባቢ ቃሉን ከነአገባቡና ከነአካባቢው ስም ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።